ፋክተሩ ከመድረሱ በፊት እውቀቱ ይድረስ

አንድ የ6 ዓመት ልጅ እናስብ። ቤቱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ ነው። ከእኩዮቹ ጋር ሲሯሯጥ ወደቀና ጉልበቱ አበጠ። ቁስል የለውም፤ ደምም አልፈሰሰም። እናቱ ወለም ብሎት ነው ብላ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችው፤ ወጌሻው ጉልበቱን አሸው፣ ሳበው። ሌሊቱን እብጠቱ ባሰ። በማግስቱ ከሰፈሩ ፋርማሲ አይቡፕሮፌን ተገዛለት። አልተሻለውም። በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ሄዶ መቀመጫው ላይ ዳይክሎፌናክ ተወጋ። ማታ የተወጋበት ቦታ ጠቁሮ አበጠ፤ ጉልበቱም አልታጠፍ አለ።

ይህ ልጅ ነገሩን ለማስረዳት የታሰበ ነው። የሄደበት መንገድ ግን ደማቸው በቀላሉ የማይረጋ ብዙ ሕፃናት የሚሄዱበት መንገድ ነው። ወጌሻው፣ የፋርማሲ ባለሙያዋና ነርሱ ሁሉም ሊረዱት ፈልገው ነበር፤ ሦስቱም ጎዱት። ደም እየፈሰሰበት ያለ መገጣጠሚያ ሲታሽ መድማቱ ይጨምራል። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፒሪን ፕሌትሌት የተባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያዳክማሉ። ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ደግሞ ራሱ አዲስ የመድሚያ ምንጭ ይሆናል። ከሦስቱ አንዳቸው "ልጁ ሲገረዝ ደሙ ቶሎ ቆሞ ነበር?" ብለው ቢጠይቁ ኖሮ የልጁ ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ደም ስለማይረጋባቸው ሰዎች ሲነሳ ወሬው ሁሉ ፋክተር ስለሚባለው ውድ መድኃኒት ይሆናል። መድኃኒቱ ውድ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በሽተኛው መድኃኒቱ ያለበት ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት በብዙ እጆች ያልፋል። የእነዚያ እጆች እውቀት ካልታደሰ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ልጁ አካል ጉዳተኛ ይሆናል።

ደም እንዴት ይረጋል?

የደም ሥር ሲቀደድ ሰውነት ቀዳዳውን በሁለት ደረጃ ይደፍናል። መጀመሪያ ፕሌትሌቶች ተሰብስበው ጊዜያዊ መወተፊያ ይሠራሉ። ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር የሚያጣብቃቸው ፎን ዊለብራንድ ፋክተር የተባለ ፕሮቲን ነው። ቀጥሎ በቁጥር የሚጠሩት የደም ማርጊያ ፋክተሮች ተራ በተራ እየተቀሰቀሱ ፋይብሪን የተባለ ጠንካራ መረብ ይሠራሉ፤ መወተፊያውን አጽንቶ የሚይዘው ይህ መረብ ነው። መርካቶ ውስጥ ከአይሱዙ ላይ ጆንያ የሚያወርዱ ሠራተኞች ተደርድረው እየተቀባበሉ መጋዘን እንደሚያስገቡት፣ ፋክተሮችም ሥራውን አንዱ ለሌላው ያቀብላሉ። ከመካከል አንዱ ከጎደለ ጭነቱ እዚያው ይቆማል።

የጎደለው ፋክተር 8 ከሆነ በሽታው ሄሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ከሆነ ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። የፋክተሩ መጠን ከጤናማው 1 ከመቶ በታች ከሆነ ሕመሙ ከባድ ነው፤ ያለ ግልጽ ምክንያት ጉልበት፣ ክርን ወይም ቁርጭምጭሚት ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ከ1 እስከ 5 ከመቶ ከሆነ መካከለኛ፣ ከ5 እስከ 40 ከመቶ ከሆነ ቀላል ይባላል። ቀላል የሚባለው ሄሞፊሊያ እስከ ጉልምስና ሳይታወቅ ቆይቶ ጥርስ ሲነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደረግ በድንገት ይገለጣል።

ብዙ ሰው ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ከሌላው ፈጥኖ የሚደማ ይመስለዋል። ልዩነቱ የፍጥነት አይደለም፤ የመድማቱ ርዝመት ነው። ጣት ላይ ያለ ትንሽ ጭረት ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው ለዓይን የማይታየው መድማት ነው፤ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ጡንቻ ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ ጭንቅላት ውስጥ። አንድ መገጣጠሚያ ደጋግሞ ሲደማ ከደሙ የሚቀረው ብረት የመገጣጠሚያውን ሽፋን ያስቆጣል፣ ልስልሱን አጥንት ይበላል፤ ውጤቱም የማይታጠፍ ጉልበት ነው።

ሄሞፊሊያ ኤ በግምት ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ይከሰታል። ዘርና ሃይማኖት፣ ሀብትና ድህነት አይለይም። በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ ግማሾቹ ወንዶች ናቸው ብለን ብናሰላ በዓመት 300 ያህል ወንዶች ልጆች በሄሞፊሊያ ኤ ብቻ ይወለዳሉ ማለት ነው። ስማቸው በሐኪም መዝገብ የሚሰፍረው አንድ ሰው ምልክቱን ካወቀላቸው ብቻ ነው።

ሴቶችስ?

ሄሞፊሊያ የሚተላለፈው ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ባለ ጂን ነው። ጂኑን ከተሸከመች እናት የሚወለድ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ በሽታውን የመውረስ፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ ደግሞ ጂኑን የመውረስ 50 ከመቶ ዕድል አላቸው። በሽታው ካለበት አባት የሚወለዱ ሴቶች ልጆች ሁሉ ጂኑን ይወርሳሉ፤ ወንዶቹ ግን ከእርሱ አይወርሱም። ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ በቤተሰባቸው ምንም ታሪክ የለም፤ ለውጡ በጂኑ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ "በዘራችን የለም" የሚለው መልስ ምርመራውን ማስቆም የለበትም። እናትን መውቀስም ሆነ ሕመሙን እርግማን ማለት ቤተሰቡን ወደ ድብቅነት ይገፋዋል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ለረጅም ጊዜ ጂኑን የያዙ ሴቶች "ተሸካሚ" ብቻ ተብለው ይታለፉ ነበር። ዛሬ እውቀቱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም አቀፉ የደም መርጋት ጥናት ማኅበር ባወጣው አዲስ አሰያየም መሠረት የፋክተር መጠኗ ከ40 ከመቶ በታች የሆነ ሴት ራሷ ሄሞፊሊያ አለባት ትባላለች፤ ሕክምናም ይገባታል።

ፎን ዊለብራንድ የተባለው ሕመም ደግሞ ወንድንም ሴትንም ይይዛል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ስለዚህ ሕመም ከጻፈው ፊንላንዳዊ ሐኪም ከኤሪክ ፎን ዊለብራንድ ነው። ሐኪሙ የመረመራት የ5 ዓመት ልጅ በኋላ በ13 ዓመቷ በወር አበባ ደም ፈስሷት ሞተች። ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን የወር አበባ ከመጠን በላይ ሲበዛ "የሴት ልጅ ዕጣ ነው" ተብሎ የሚታለፍበት ቤት ብዙ ነው። ከ7 ቀን በላይ የሚቆይ፣ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ሞዴስ የሚያስለውጥ፣ ትላልቅ የረጋ ደም ያለበት፣ ደም ማነስ የሚያስከትል የወር አበባ ምርመራ ያስፈልገዋል። በእርግዝና ወቅት የፎን ዊለብራንድ ፋክተር መጠን ስለሚጨምር እናቲቱ ደህና ትመስላለች፤ ከወሊድ በኋላ መጠኑ ሲወርድ ግን ከቀናት አልፎ ከሳምንታት በኋላም ደም ሊፈሳት ይችላል። አዋላጅ ነርሷ ይህን ካወቀች አራሷን በሁለተኛው ቀን "ደህና ነሽ" ብላ አትረሳትም።

የመጀመሪያው ምልክት

በአገራችን ሄሞፊሊያ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳውቀው በግርዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ወንዶች 91 ከመቶ ያህሉ ተገርዘዋል። ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት መርካቶም ግርዛት የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሥርዓት ነው። ሄሞፊሊያ ባለበት ሕፃን ላይ ይህ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት የማይቆም መድማት ያስከትላል።

ይህን የጥንት ሰዎችም አስተውለውት ነበር። የአይሁድ ታልሙድ ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው ደም ፈስሷቸው የሞቱበት ሦስተኛ ልጅ እንዳይገረዝ ይፈቅዳል። ከ1,000 ዓመታት በፊት በኮርዶባ የኖረው ታላቁ የሙስሊሞች ቀዶ ሐኪም አልዛህራዊም ወንዶቻቸው በቀላል ቁስል ደም ፈስሷቸው ስለሚሞቱ የአንድ መንደር ሰዎች ጽፏል። ያን ጊዜ ፋክተርን የሚያውቅ አልነበረም፤ የቤተሰብን ታሪክ የሚጠይቅ ሰው ግን ነበረ።

እንጥል ማስቆረጥና የሕፃን ድድ በጥቶ የወተት ጥርስ ማውጣትም እንደ ግርዛት የማይቆም መድማት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ለማንም ልጅ የማይበጁ ልማዶች ናቸው፤ ደሙ ለማይረጋ ልጅ ግን ሕይወት ሊያሳጡ ይችላሉ። ልጁ መዳህ ሲጀምር በጉልበቱና በደረቱ ላይ የሚታይ ሰንበር፣ ከንፈሩን ሲነክስ የማይቆም ደም፣ ከክትባት በኋላ የሚጠቁር እብጠት የቀሩት ምልክቶች ናቸው። ሰንበሩን ያየ ባለሙያ "ልጁን ማን መታው?" ብሎ ወላጆችን ከመጠርጠሩ በፊት የደሙን ሁኔታ ማስመርመር ይኖርበታል።

እያንዳንዱ ባለሙያ ምን ይወቅ?

መርካቶ ጣሊያን በወረራው ዘመን የአዲስ አበባን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ካዛወረ ወዲህ የሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የሰው መገናኛም ሆኗል። በአውቶቡስ ተራ በኩል ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ብዙ ነው። ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሩቅ አይደሉም። ርቀቱ ያለው በሽታውን እስከማወቅ ባለው መንገድ ላይ ነው። መንገዱን የሚያሳጥሩት እነዚህ ናቸው።

አዋላጅ ነርስ፦ እናቲቱ ጂኑን መያዟ ከታወቀ ወይም ከተጠረጠረ ሕፃኑን በቫኪዩም ወይም በፎርሴፕስ ስቦ ማዋለድ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ይወገዳል። ከእትብቱ ደም ተወስዶ ፋክተር 8 ሊለካ ይችላል። ፋክተር 9 ግን በማንኛውም ጨቅላ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቀላል የሆነውን ሄሞፊሊያ ቢ ለመለየት ምርመራው ልጁ 6 ወር ሲሞላው መደገም አለበት።

ክትባት ሰጪ ነርስ፦ ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ መከተብ አለበት። ከቆዳ ሥር መስጠት የሚፈቀድ ክትባት ከሆነ በዚያ መንገድ ይሰጣል። ጡንቻ ላይ መሰጠቱ ግድ ከሆነ የሚመረጠው ቀጭን መርፌ ነው፤ አስቀድሞ ለ5 ደቂቃ በረዶ ይያዝበታል፣ ከተወጋ በኋላም ቦታው ሳይታሽ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ተጭኖ ይያዛል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ከነርሷ 10 ደቂቃ ብቻ ይጠይቃል።

ፋርማሲስት፦ ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይመረጣል። "ልጅዎ በቀላሉ ይደማል?" የሚል አንድ ጥያቄ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከመሸጣቸው በፊት ሊቀድም ይገባል። የፋርማሲው መደርደሪያ ላይ ያለው ትራኔክሳሚክ አሲድ ደግሞ ሊታወስ የሚገባው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ ያገኙት ይህ ርካሽ መድኃኒት የተሠራው የደም መርጊያ እንዳይፈርስ ይጠብቃል፤ ለአፍና ለድድ መድማት፣ ለበዛ የወር አበባም በሐኪም ትእዛዝ ይረዳል። ሽንት ደም ሲቀላቅል ግን የረጋ ደም የሽንት ቧንቧን ሊዘጋ ስለሚችል አይመከርም።

የጥርስ ሐኪም፦ ጥርስ ከመንቀሉ በፊት የመድማት ታሪክ ይጠይቃል፤ ካለ ከደም ሐኪም ጋር ተማክሮ ፋክተርና ትራኔክሳሚክ አሲድ ያዘጋጃል። ጠቅልሎ የሚያደነዝዘውን ጥልቅ መርፌ ያለ ፋክተር አይሰጥም፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ሰርጎ የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላልና።

የድንገተኛ ክፍል ቡድን፦ ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ "እስቲ ሲቲ ስካኑ ይታይ" ተብሎ አይጠበቅም። መጀመሪያ ፋክተር፣ ቀጥሎ ምርመራ። በቀኝ የታችኛው ሆዱ ሕመም የመጣና ዳሌውን መዘርጋት ያቃተው ታማሚ ትርፍ አንጀት ያለበት ይመስላል፤ የደማው ግን ከሆድ ጀርባ ያለው የዳሌ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ ሆዱን መክፈት ለሞት ያበቃል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ የሕመሙ ስም የሚወጣው ከእርሱ ጠረጴዛ ነው። ፕሌትሌት ጤናማ፣ ፒቲ የተባለው ምርመራ ጤናማ፣ ኤፒቲቲ ግን የረዘመ ከሆነ ሄሞፊሊያ ይጠረጠራል። ይህ ውጤት የሚታመነው ናሙናው በትክክል ከተወሰደ ብቻ ነው። የሲትሬት ቱቦው 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት እንዲሆን እስከ ምልክቱ መሞላት አለበት። ቱቦው ከጎደለ ጤናማው ሰው ታማሚ ይመስላል፤ ናሙናው ቀድሞ ከረጋ ደግሞ ውጤቱ ጭራሽ ዋጋ የለውም። ኤፒቲቲ ጤናማ መሆኑም የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ቀላል ሄሞፊሊያና ፎን ዊለብራንድ በዚህ ምርመራ ሳይያዙ ሊያልፉ ይችላሉ።

ፊዚዮቴራፒስትና ወጌሻ፦ የሚደማ መገጣጠሚያ መጀመሪያ ዕረፍት፣ በረዶ፣ በፋሻ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይፈልጋል። ደሙ ከቆመ በኋላ ባለሙያ የሚመራው ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ጡንቻውን ያጠነክራል፤ ጠንካራ ጡንቻ መገጣጠሚያውን ከቀጣዩ መድማት ይከላከላል። ወጌሻን ከዚህ እውቀት ውጭ ማድረግ ስህተት ነው። ሕዝቡ ቀድሞ የሚሄደው እርሱ ዘንድ ስለሆነ "ያለ ከባድ አደጋ ያበጠ፣ የሞቀ የልጅ ጉልበት አይታሽ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ" የሚለውን አንድ ትእዛዝ ከማንም በላይ እርሱ ቢያውቀው ይጠቅማል።

እውቀት ለምን ያረጃል?

አንድ ነርስ ወይም ሐኪም ከተመረቀ በኋላ ይህ የሕክምና ዘርፍ ቆሞ አልጠበቀውም። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊቷ ጁዲት ፑል የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ የሚቀረው ዝቃጭ በፋክተር 8 የበለጸገ መሆኑን አሳየች። ክሪዮፕሪሲፒቴት የተባለው ይህ ውጤት በደም ባንክ የሚዘጋጅ የመጀመሪያው ውጤታማ ሕክምና ሆነ። በ1980ዎቹ ከብዙ ሰዎች ደም የተሠራ ፋክተር ኤችአይቪንና የጉበት ቫይረሶችን አስተላልፎ በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎችን ጎዳ። እ.ኤ.አ. በ1992 በጂን ምህንድስና የተሠራ ፋክተር 8 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ2017 ደግሞ ኤሚሲዙማብ የተባለ፣ ከቆዳ ሥር በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት መጣ። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በ2020 ባወጣው ሦስተኛ መመሪያ ከባድ ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው እስኪደማ ሳይጠበቅ አስቀድሞ በቋሚነት የመከላከያ መድኃኒት ማግኘቱ ትክክለኛው ሕክምና መሆኑን አስቀመጠ። የእኛም ሰው ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ይህን ነው።

አዲስ መድኃኒት አዲስ ስህተትም ይዞ ይመጣል። ኤሚሲዙማብ የሚወስድ ሰው ኤፒቲቲ ሲመረመር ውጤቱ ጤናማ ሆኖ ይታያል፤ ደሙ ግን እንደ ጤናማ ሰው ደም አይረጋም። ይህን ያልተማረ የላቦራቶሪ ባለሙያ "ችግር የለበትም" ብሎ ይጽፋል፤ ቀዶ ሐኪሙም አምኖ ቀዶ ሕክምናውን ያደርጋል። ከዚህም ሌላ ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው 30 ከመቶ ያህሉ ሰውነታቸው የሚሰጣቸውን ፋክተር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ኢንሂቢተር የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ለእነዚህ ታማሚዎች ይሰጥ የነበረው ኤፒሲሲ የተባለ መድኃኒት ከኤሚሲዙማብ ጋር በብዛት ሲሰጥ በጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ደም አርግቶ ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ሁለቱ መድኃኒቶች ለየብቻ ሲታዩ ጠቃሚ ናቸው፤ አደጋው ያለው መገናኘታቸውን ባለማወቅ ላይ ነው። የ10 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ሐኪም ይህን ከትምህርት ቤት ደብተሩ አያገኘውም።

ምን ዓይነት ሥልጠና?

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። መልካም ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የሚለካው ግን በሰርተፍኬቱ ብዛት አይደለም፤ ባለሙያው በማግስቱ ታማሚው ፊት በሚሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ የኮክሬን ግምገማ 215 ጥናቶችን አገላብጦ እንዳገኘው የስብሰባና የአውደ ጥናት ሥልጠና የባለሙያዎችን አሠራር የሚያሻሽለው ወደ 7 ከመቶ ያህል ነው። ጥቅም አለው፤ አዳራሽ ሞልቶ ገለጻ መስማት ብቻውን ግን በቂ አለመሆኑን ቁጥሩ ይናገራል።

የተሻለ ውጤት ያሳየ መንገድ አለ። በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሳንጂቭ አሮራ እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮጀክት ኤኮን ጀመረ። በገጠር ጤና ጣቢያና በእስር ቤት የሚሠሩ ባለሙያዎች በየሳምንቱ በቪዲዮ ከስፔሻሊስቶች ጋር ተገናኝተው የራሳቸውን ታማሚ ጉዳይ እያቀረቡ ይመካከራሉ። በ2011 የታተመው ጥናት ሄፓታይተስ ሲ ያለባቸውን 407 ታማሚዎች ተከታተለ። በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የታከሙት 57.5 ከመቶ፣ በጤና ጣቢያዎቹ የታከሙት 58.2 ከመቶ ተፈወሱ። በሽተኛው ሩቅ ሳይሄድ የስፔሻሊስቱ እውቀት እርሱ ዘንድ ሄደ ማለት ነው።

ይህ ለአዲስ ከተማ የሚሆን ትምህርት አለው። ጥቁር አንበሳ የሄሞፊሊያ ታማሚዎች የሚታከሙበት ማዕከል ነው፤ የኢትዮጵያ ሄሞፊሊያ ማኅበርም ታማሚዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ያሰባስባል። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን በሰብዓዊ እርዳታ ፕሮግራሙ የሚልከው ፋክተር ለብዙዎች ዋናው የመድኃኒት ምንጭ ነው። የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ደግሞ ፋክተር በሌለበት ጊዜ የሚያድነውን ፕላዝማ ያቀርባል። የጎደለው እነዚህን ተቋማት ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ክሊኒክና ፋርማሲ ጋር አዘውትሮ የሚያገናኝ የትምህርት ድልድይ ነው። ወር በገባ ቁጥር አንድ ሰዓት፣ አንድ እውነተኛ የታማሚ ጉዳይ ስሙ ሳይጠቀስ፣ ከአዋላጅ ነርሷ እስከ ላቦራቶሪ ባለሙያው በአንድነት ተቀምጠው። ለየሙያው ለብቻ የሚሰጥ ሥልጠና እያንዳንዱን ያሳውቃል፤ አብሮ መማር ግን አንዱ ለሌላው መቼ መደወል እንዳለበት ያስተምራል።

ፋክተር መስጠትም በተግባር የሚለመድ ስሌት ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ዩኒት ፋክተር 8 ቢሰጥ በደም ያለው መጠን በ2 ከመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 500 ዩኒት መጠኑን በ50 ከመቶ ያሳድገዋል። በፋክተር 9 ግን በየኪሎው 1 ዩኒት የሚጨምረው 1 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። የሁለቱን ልዩነት ያላወቀ ባለሙያ ወይ ውድ መድኃኒት ያባክናል፣ ወይ ታማሚውን ሳያድን ይመልሳል። በሥልጠናው ላይ ታማሚውና እናቱም ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። ለዓመታት ከሕመሙ ጋር የኖረ ሰው መገጣጠሚያው እብጠት ከመታየቱ በፊት ሲሞቅና ሲነዝረው መድማት መጀመሩን ያውቃል። ይህን የሚነግራቸውን ታማሚ የሚሰሙ ባለሙያዎች ሰዓታት ይቆጥባሉ፤ በዚህ ሕመም ሰዓታት ማለት ጉልበት ማለት ናቸው።

ለአንባቢው

እርስዎ ወላጅ ከሆኑ ልጅዎ ከመገረዙ፣ ጥርሱ ከመነቀሉ ወይም ቀዶ ሕክምና ከማድረጉ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለራስዎ ይመልሱ። በቤተሰቡ ተገርዞ ወይም ጥርስ ተነቅሎ ደሙ አልቆም ያለ ሰው አለ? ልጁ ያለ ምክንያት ሰንበር ያወጣል? ያለ ከባድ አደጋ መገጣጠሚያው አብጦ ያውቃል? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ አዎ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ምርመራ ይጠይቁ። ሄሞፊሊያ እንዳለበት የታወቀ ሰው ደግሞ የሕመሙን ዓይነትና መጠን የያዘ ወረቀት ከኪሱ አይለየው።

የጤና ተቋም ኃላፊ ከሆኑ አንድ የግድግዳ ወረቀት ዛሬውኑ ያስለጥፉ፦ ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ጡንቻው ላይ አይወጋ፣ አስፒሪንና ዳይክሎፌናክ አይሰጥ፣ ጭንቅላት ከተመታ ፋክተር ይቅደም፣ ጥርጣሬ ካለ ወደ ጥቁር አንበሳ ይደወል። ከዚያም ወርኃዊውን የጋራ ትምህርት ይጀምሩ።

ፋክተር የማስመጣት አቅማችን ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ለዚህም መንግሥትና ለጋሾች ሊተጉ ይገባል። እውቀቱ ግን በአገር ውስጥ አለ። የዓለም የሄሞፊሊያ ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 9 ይከበራል። በአዲስ ከተማ ያለ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ፣ ክሊኒክና ፋርማሲ ያን ቀን ለሠራተኞቹ የአንድ ሰዓት ትምህርት ቢመድብ ብዙ ልጆች ጉልበታቸው ይተርፋል፤ አንዳንዶቹም ሕይወታቸው።